ቁጥሩና ጽሕፈቱ፦ ዐብዱልቃሂር አል-በግዳዲ ስለ ፍጹም ቁጥሮች የሰጡት እርማትና ለዛሬ ያለው ትምህርት

ምስጋና ለአላህ የተገባ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዚህ ዘመን በመድረሳ የሚያስተምር ኡስታዝም ሆነ በመስጊድ የሚያሰግድ ኢማም ደጋግመው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ ስለ ቁጥር ነው። ደረሳው ከደርስ በኋላ ቀረብ ብሎ «ቁርኣን በ19 ቁጥር ላይ ተሰናድቷል ይባላል፤ እውነት ነውን?» ሲል ይጠይቃል። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ጠያቂው መጽሐፉን ይወዳል፤ በሒሳብ የተደገፈ ማስረጃ ያገኘም ይመስለዋል። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት ጽንፎች ወደ አንዱ ያዘነብላል። አንዳንዱ መምህር ሳይመረምር ተቀብሎ በኹጥባው ያስተጋባዋል፤ ሌላው ሳይመረምር ያወግዘዋል። ሁለቱም ደረሳውን ያለ ሚዛን ይተዉታል።

ሚዛኑ ግን በገዛ ቅርሳችን ውስጥ አለ። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት አንድ የሻፍዒይ መዝሀብ ፈቂህና የዐቂዳ ሊቅ በቁጥሮች አኃዝ ላይ ተመሥርቶ ለዘመናት ሲነገር የኖረ ውብ ሥርዓት ቀረበላቸው፤ መርምረው ስሕተት መሆኑን ጻፉ። እኚህ ሊቅ አቡ መንሱር ዐብዱልቃሂር ኢብኑ ጣሂር አል-በግዳዲ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የእርሳቸውን እርማት መነሻ አድርገን አንድ ልዩነት ለማሳየት እንሞክራለን፤ እርሱም በቁጥሩ ባሕርይና በቁጥሩ ጽሕፈት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ራሳቸውን የሚገልጹ ቁጥሮች

አንዳንድ ቁጥሮች ከገዛ ክፍሎቻቸው ጋር ልዩ ዝምድና አላቸው። 6ን እንመልከት። ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት፣ ከራሱም የሚያንሱ ቁጥሮች 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ሲደመሩ መልሰው 6 ይሆናሉ። 28ም እንዲሁ ነው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ተደምረው 28 ይሰጣሉ። እንዲህ ያለውን ቁጥር የአረብኛ የሒሳብ ኪታቦች «አል-ዐደዱት ታም» ይሉታል፤ ፍጹም ቁጥር ማለት ነው። የአንዱ አካፋዮች ድምር ሌላውን፣ የሌላውም አካፋዮች ድምር ፊተኛውን ሲሰጥ ደግሞ ሁለቱን «ተዋዳጅ ቁጥሮች» ይሏቸዋል። 220 እና 284 ከሁሉ አስቀድመው የታወቁት ተዋዳጆች ናቸው።

ሁለተኛ ዓይነት ዝምድናም አለ። 1210 የሚለውን ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ እናንብበው። የመጀመሪያው አኃዝ 1 በቁጥሩ ውስጥ ስንት ዜሮ እንዳለ ይናገራል፤ አንድ ዜሮ አለ። ቀጣዩ 2 ስንት አንድ እንዳለ ይናገራል፤ ሁለት አሉ። ሦስተኛው 1 ስንት ሁለት እንዳለ ይናገራል፤ አንድ አለ። የመጨረሻው 0 ደግሞ ሦስት የሚባል አኃዝ በውስጡ እንደሌለ ይመሰክራል። ቁጥሩ የራሱን አጻጻፍ የሚተርክ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ተርታ ደግሞ አኃዞችን ከብቸኛ ቁጥሮች ጋር ያገናኛል። ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለውን ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 የመሳሰለውን። 22ን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብንበትነው 2 ጊዜ 11 ነው። የ22 አኃዞች ሲደመሩ 4፤ የ2 እና የ11 አኃዞችም ሲደመሩ 4 ናቸው። እንዲህ ያሉትን ብቸኛ ያልሆኑ ቁጥሮች አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ አልበርት ዊላንስኪ እ.ኤ.አ. በ1982 «የስሚዝ ቁጥሮች» ብለው ሰየሟቸው። ተርታቸው 4፣ 22፣ 27፣ 58፣ 85፣ 94፣ 121 እያለ ይቀጥላል፤ ማብቂያ እንደሌለውም እ.ኤ.አ. በ1987 ዌይን ማክዳንኤል አረጋግጠዋል።

እዚህ ላይ የሀገራችን አንባቢ ሌሎች ባለ አንድ ጽሕፈት ሕዝቦች በቀላሉ የማያገኙት ዕድል አለው። በመድረሳ የተማረ ኢትዮጵያዊ ቁጥርን ቢያንስ በሦስት መንገድ ሲጻፍ ያያል፦ በዜሮና በቦታ ዋጋ በሚሄደው የሕንድ ሥርዓት፣ በአብጀድ ፊደላትና በግዕዝ አኃዝ። 1210 በግዕዝ ፲፪፻፲ ተብሎ ይጻፋል፤ በውስጡ ዜሮ የሚባል ምልክት ፈጽሞ የለም። በአብጀድ ደግሞ ገይን (1000)፣ ራእ (200) እና ያእ (10) የተባሉ ሦስት ፊደላት ይበቁታል። ቀደም ሲል ያደነቅነው ራስን የመተረክ ጠባይ በሁለቱም ጽሕፈቶች ይጠፋል። 22ም እንዲሁ ነው። በግዕዝ ፳፪ ሲሆን ምልክቶቹ 20 እና 2 ናቸው፤ ድምራቸው ራሱ 22 ነው። አካፋዮቹ ፪ እና ፲፩ ደግሞ በምልክቶቻቸው 13 ይሰጣሉ። እኩልነቱ ፈረሰ።

ይሁንና ያው 1210 ሌላም ባሕርይ አለው። አካፋዮቹ ተደምረው 1184 ይሰጣሉ፤ የ1184 አካፋዮችም ተደምረው 1210 ይመልሳሉ። ስለዚህ ተዋዳጆች ናቸው። ይህን ጥንድ እ.ኤ.አ. በ1866 ይፋ ያደረገው የ16 ዓመቱ ጣልያናዊ ኒኮሎ ፓጋኒኒ ነበር። ይህ ዝምድና በግዕዝ ቢጻፍ፣ በአብጀድ ቢጻፍ ወይም በጠጠር ቢቆጠር አይለወጥም። እንግዲህ በአንድ ቁጥር ላይ ሁለት ዓይነት ጠባይ ተገናኝቷል፤ አንደኛው የቁጥሩ ባሕርይ ነው፤ ሁለተኛው የጽሕፈቱ መልክ ነው። የጽሕፈቱ መልክ ሐሰት አይደለም፤ የስሚዝ ቁጥሮችም እንደታየው ማረጋገጫ ሊቀርብባቸው ይችላል። ነገር ግን ስለ ጽሕፈቱ የሚነገረው እውነት ከጽሕፈቱ አልፎ አይሄድም።

ከኒቆማኮስ የተወረሰው ሥርዓት

በመጀመሪያው ምእተ ዓመት ማብቂያ ገደማ የነበረው የጌራሳው ሰው ኒቆማኮስ (ጌራሳ ዛሬ በዮርዳኖስ የምትገኘው ጀረሽ ናት) ስለ ቁጥሮች ባሕርይ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። መጽሐፉን ወደ አረብኛ የመለሱት በባግዳድ የሠሩትና በ288 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ901) ያረፉት ሣቢት ኢብኑ ቁርራ ናቸው። ሣቢት የሐራን ተወላጅ፣ በሃይማኖታቸውም ከሳቢአዎች ወገን ነበሩ፤ ይህም የሙስሊም ሊቃውንት ከእርሳቸው ከመማር አላገዳቸውም። የሚመዘነው የቀረበው ማስረጃ ነበርና።

ኒቆማኮስ የሚያውቃቸው ፍጹም ቁጥሮች አራት ነበሩ፦ 6፣ 28፣ 496 እና 8128። በእነዚህም ላይ የሚያምር ሥርዓት አየ። ከባለ አንድ አኃዝ ቁጥሮች መካከል አንድ፣ ከባለ ሁለት አንድ፣ ከባለ ሦስት አንድ፣ ከባለ አራትም አንድ ፍጹም ቁጥር አለ። መጨረሻቸው ደግሞ 6፣ 8፣ 6፣ 8 እያለ ይፈራረቃል። ከዚህ ተነሥቶ በየእርከኑ አንድ ብቻ ፍጹም ቁጥር አለ፣ መጨረሻቸውም እየተፈራረቀ ይሄዳል የሚለው አባባል ለዘመናት ሲተላለፍ ኖረ። አራት ምስክር ያለ አንዳች ተቃዋሚ ቆሞለት ነበር።

በሌላ በኩል ግን ዩክሊድ (በአረብኛ ኡቅሊዲስ) በመጽሐፉ በዘጠነኛው ክፍል መጨረሻ በማረጋገጫ የቆመ ደንብ ትቶ ነበር። ከ1 ጀምሮ በእጥፍ የሚያድጉ ቁጥሮች ሲደመሩ ድምሩ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ ድምሩ በመጨረሻው ተደማሪ ሲባዛ ፍጹም ቁጥር ይገኛል። 1 እና 2 ሲደመሩ 3 ነው፤ 3 ጊዜ 2 ደግሞ 6። 1፣ 2 እና 4 ሲደመሩ 7 ነው፤ 7 ጊዜ 4 ደግሞ 28። እስከ 16 ሲደርስ ድምሩ 31 ሆኖ 496ን፣ እስከ 64 ሲደርስ 127 ሆኖ 8128ን ይሰጣል። ድምሩ ብቸኛ ካልሆነ ግን ደንቡ ምንም ቃል አይገባም። ለምሳሌ እስከ 8 ያለው ድምር 15 ነው፤ ይታለፋል።

ስለዚህ በባግዳድ ሊቃውንት እጅ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ነበሩ። አንደኛው ዓይን የሚስብ የአኃዝ ሥርዓት፣ ሌላው ዓይን የማይስብ ግን ማረጋገጫ ያለው ደንብ።

የአል-በግዳዲ እርማት

ዐብዱልቃሂር አል-በግዳዲን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው «አል-ፈርቁ በይነል ፊረቅ» እና «ኡሱሉድ ዲን» በተባሉት ኪታቦቻቸው ነው። በባግዳድ ተወልደው በነይሳቡር ኖረዋል፤ በአቡ ኢስሓቅ አል-ኢስፈራይኒ ዘንድ ተምረው ከእርሳቸው በኋላ በቦታቸው አስተምረዋል። የታሪክ ጸሐፍት በ17 የዕውቀት ዘርፎች ያስተምሩ እንደነበር ይዘግባሉ። በ429 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1037) በኢስፈራይን አረፉ።

እኚሁ ሊቅ «አት-ተክሚላ ፊል ሒሳብ» የተባለ የሒሳብ ኪታብም አላቸው። ኪታቡ በዘመኑ የነበሩትን የአቆጣጠር ሥርዓቶች አሰባስቦ ያስተምራል፤ የጣት ሒሳብን፣ የሕንድ አኃዝን፣ በስልሳ የሚሄደውን የከዋክብት ተመራማሪዎች ሒሳብ፣ የንግድ ሒሳብንና የቁጥሮችን ባሕርያት። አንድን ቁጥር በልዩ ልዩ ጽሕፈት ማየት ለለመደ ሰው የጽሕፈት መልክ በቀላሉ አያታልለውም ብለን ብናስብ ከእውነት የራቅን አንሆንም።

በዚህ ኪታብ አል-በግዳዲ በየእርከኑ አንድ ፍጹም ቁጥር አለ የሚለውን አባባል ስሕተት መሆኑን ጻፉ። ምክንያታቸውም በአሥር ሺህና በመቶ ሺህ መካከል ፍጹም ቁጥር አለመኖሩ ነው። እኛም በዩክሊድ ደንብ ልናየው እንችላለን። ከ8128 ቀጥሎ ያለው ተራ እስከ 128 የሚደመረው ነው፤ ድምሩ 255 ይሆናል። 255 ግን 3 ጊዜ 5 ጊዜ 17 ስለሆነ ብቸኛ አይደለም። ቀጣዩ ድምር 511 ነው፤ እርሱም 7 ጊዜ 73 ነው፤ ውጤቱም ቢሆን መቶ ሺህን ያለፈ ነው። ከዚያም 1023፣ 2047 እና 4095 ተራ በተራ ይወድቃሉ። በተለይ 2047 ብቸኛ ይመስላል፤ ግን 23 ጊዜ 89 ነው። ደንቡ የሚሠራው 8191 ላይ ስንደርስ ነው፤ አምስተኛው ፍጹም ቁጥርም 33550336 ይሆናል። ባለ ስምንት አኃዝ ነው። ባለ አምስት፣ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት አኃዝ የሆኑት እርከኖች ሁሉ ባዶ ናቸው።

የመፈራረቁ ነገርም አልጸናም። አምስተኛው በ6 ያበቃል፤ ስድስተኛው 8589869056ም በ6 ያበቃል። ሆኖም ከአባባሉ አንዱ ክፍል በእርግጥ ይጸናል፤ በዩክሊድ ደንብ የሚገኝ ፍጹም ቁጥር ሁሉ በ6 ወይም በ8 ያበቃል። ይህ የጸናው አራት ምስክር ስላለው አይደለም፤ ምክንያቱ ስለሚታይ ነው። ድምሩ ብቸኛ የሚሆነው የተደማሪዎቹ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር ሲሆን ብቻ ነው። የተደማሪዎቹ ብዛት 2 ሲሆን 6 ይገኛል። ከዚያ በላይ ብዛቱ ለ4 ተካፍሎ 1 ከቀረው የመጨረሻው ተደማሪ በ6፣ ድምሩም በ1 ያበቃል፤ ብዜታቸውም በ6 ያበቃል። 3 ከቀረው ደግሞ ተደማሪው በ4፣ ድምሩም በ7 ስለሚያበቃ ብዜታቸው በ8 ያበቃል። የአምስተኛው የተደማሪዎች ብዛት 13፣ የስድስተኛው 17 ነው፤ ሁለቱም ለ4 ሲካፈሉ 1 ይቀራቸዋል። ተከታትለው በ6 ያበቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አኃዝን መመልከት ከንቱ ነው የሚል አይደለም። የሚያምረው ሥርዓት መነሻ እንጂ መድረሻ አለመሆኑን ነው የምንማረው። አል-በግዳዲ አራቱን ምሳሌዎች አልካዱም፤ ከአራቱ የተዘለለውን ድምዳሜ ግን አቆሙት። ቁጥሮቹ ከሥርዓቱ ጋር ባልተስማሙ ጊዜ የተጣለው ሥርዓቱ ነው።

በማረጋገጫ የሄዱት ሌሎች ሊቃውንት

ይህ አካሄድ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ሣቢት ኢብኑ ቁርራ መጽሐፍ ከመተርጎም አልፈው ለተዋዳጅ ቁጥሮች ደንብ አበጅተዋል፤ ማረጋገጫም ሰጥተውበታል። ደንቡ እንዲህ ነው። 3ን በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ16 እያባዛን ከእያንዳንዱ 1 እንቀንሳለን፤ 5፣ 11፣ 23፣ 47 ይመጣሉ። ተከታታይ የሆኑ ሁለት እንወስዳለን፤ ለምሳሌ 5 እና 11። ሦስተኛውን ለማግኘት 6ን በ12 አባዝተን 1 እንቀንሳለን፤ 71 ይሆናል። ሦስቱም ብቸኛ ከሆኑ የ5 እና የ11 ብዜት በ4 ሲባዛ 220፣ 71ም በ4 ሲባዛ 284 ይሆናል። ቀጣዩን ጥንድ 11 እና 23 ብንሞክር ግን ሦስተኛው 287 ነው፤ እርሱም 7 ጊዜ 41 ስለሆነ ደንቡ ጥንድ አይሰጥም። ደንቡ የት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን የት እንደማይሠራም አስቀድሞ ይናገራል። የእውነተኛ ደንብ ምልክቱ ይህ ነው።

የቀጣዩን ጥንድ ፍሬ፣ 17296 እና 18416ን፣ የፋርሱ ሊቅ ከማሉድዲን አል-ፋሪሲ ይዘውት እናገኛለን፤ በመግሪብም ኢብኑል በንናእ አል-መርራኩሺ አውቀውታል። አል-ፋሪሲ የሣቢትን ደንብ በአዲስ መንገድ ሲያረጋግጡ መሠረት ያደረጉት ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች የሚበተን መሆኑን ነው። ሙሐመድ ባቂር አል-የዝዲ በ17ኛው ምእተ ዓመት 9363584 እና 9437056ን አገኙ። በአውሮፓ ፌርማ የመጀመሪያውን ጥንድ እ.ኤ.አ. በ1636፣ ዴካርት ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ1638 እንደ አዲስ አስታወቁ።

የአል-በግዳዲ ዘመነኛ የሆኑት ኢብኑል ሀይሠም ደግሞ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ታላቅ ነገር ተናግረዋል። ከ2 እስከ 6 ባሉት ሁሉ ሲካፈል 1 የሚቀረው፣ ለ7 ግን ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር ይፈለጋል። ከ1 እስከ 6 ያሉትን አባዝተን 720 እናገኛለን፤ 1 ስንጨምርበት 721 ይሆናል፤ ለ7ም ሲካፈል 103 ነው። ኢብኑል ሀይሠም ይህ ለብቸኛ ቁጥር ሁሉ እንደሚሠራ አይተዋል። በአውሮፓ ይኸው ነገር በዊልሰን ስም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው፤ ማረጋገጫውንም በዓመቱ ላግራንዥ ሰጥተዋል። ብቸኛው ቁጥር ከእርሱ በፊት ባሉት ቁጥሮች ይታወቃል እንጂ በአኃዞቹ መልክ አይደለም።

በመስጊድ ውስጥ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች

ይህ ሁሉ ከኢማም ሥራ የራቀ መስሎ የሚታየው አንባቢ ካለ የፈራኢድን ኪታብ ይክፈት። ፈራኢድ የተማረ ደረሳ ሁሉ ተማሡል፣ ተዳኹል፣ ተዋፉቅና ተባዩን የተባሉትን አራቱን የቁጥር ዝምድናዎች ያውቃል። እነዚህ ስለ አካፋዮች የሚናገሩ ናቸው።

አንድ ሰው እናቱንና ሰባት ወንዶች ልጆቹን ትቶ ቢሞት የመስአላው መሠረት 6 ነው። እናት ከስድስት አንድ ትወስዳለች፤ የቀረው 5 ለሰባቱ ነው። 5 እና 7 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ተባዩን ነው፤ 6ን በ7 አባዝተን 42 እናደርጋለን። እናት 7፣ እያንዳንዱ ልጅ 5 ይወስዳል፤ ሒሳቡ ይሞላል። ልጆቹ አሥር ቢሆኑ ኖሮ 5 እና 10 በአምስት ይገናኛሉ፤ 6ን በ2 ማባዛት ይበቃ ነበር፤ ከ12ቱ እናት 2፣ እያንዳንዱ ልጅ 1 ይወስዳል። የየቲም ሐቅ በዚህ ሒሳብ ላይ ይቆማል። ፈቂሁ ደግሞ የሚጠይቀው ስለ ቁጥሮቹ መልክ ሳይሆን ስለ አካፋዮቻቸው ነው።

አኃዝን በሚመለከትም ሊቃውንቱ «ሚዛን» የሚሉት መመርመሪያ ነበራቸው። 24 ጊዜ 13 ስንት ነው? 312። የ24 አኃዞች 6፣ የ13 አኃዞች 4 ይሰጣሉ፤ 6 ጊዜ 4 ደግሞ 24፣ አኃዞቹ ሲደመሩ 6። የ312 አኃዞችም 6 ናቸው፤ ሚዛኑ ገጠመ። ይህ የሚሠራው 10፣ 100፣ 1000 ሁሉ ለ9 ሲካፈሉ 1 ስለሚቀራቸው ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ተሳስቶ 321 ቢጽፍም ሚዛኑ ይገጥማል። ያልገጠመ ሚዛን ስሕተትን ያጋልጣል፤ የገጠመ ሚዛን ግን ትክክለኛነትን አያረጋግጥም። ይህን ልዩነት ለደረሶቻችን ማስተማር ከብዙ ክርክር ያድናል።

የ19 ጉዳይ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በሱረቱል ሙደሥሢር 30ኛው አንቀጽ በሰቀር ላይ ስለተሾሙት ሲናገር 19 የሚለው ቁጥር ተወስቷል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ እነርሱ መላእክት መሆናቸውን፣ ቁጥራቸውም ለከሓዲዎች ፈተና መደረጉን ይገልጻል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በትውልድ ግብፃዊ፣ በሙያው የባዮኬሚስትሪ ምሁር የሆነውና በአሜሪካ ይኖር የነበረው ረሻድ ኸሊፋ ቁርኣን በሙሉ በ19 ላይ የተሠራ ነው የሚል አስተሳሰብ አሰራጨ። ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል እውነት የሆኑ አሉ፤ በአጻጻፉ የበስመላ ፊደላት 19 ናቸው፤ ሱራዎቹም 114 ሲሆኑ 6 ጊዜ 19 ነው። ይህን መካድ አያስፈልግም፤ ኒቆማኮስም አራት እውነተኛ ምሳሌዎች ነበሩት።

ጥያቄው ከምሳሌዎቹ ወዲያ ነው። 19 የተለየው አንደኛ ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ፣ ሁለተኛ ከአኃዞች የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን፣ 1ን እና 9ን፣ ስለያዘ ነው ይባላል። ፊተኛው የቁጥሩ ባሕርይ ነው፤ ግን ብቸኛ ቁጥሮች ማብቂያ የላቸውም። ኋለኛው የጽሕፈቱ መልክ ነው። 19 በግዕዝ ፲፱ ነው፤ በአብጀድም ያእ (10) እና ጧእ (9) ነው። በሁለቱም ውስጥ 1 የሚባል ምልክት የለም። የሕንድ አኃዝ በሙስሊሞች ዘንድ የተስፋፋው ደግሞ ቁርኣን ወርዶ ካበቃ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በተለይም ከአል-ኸዋሪዝሚ ኪታብ ወዲህ ነው።

የአቆጣጠሩም ጉዳይ አለ። በበስመላ ውስጥ በአጻጻፍ ሕግ የተጣለው የ«ኢስም» አሊፍ ቢቆጠር 20 ይሆናል። የአንቀጾች ቁጥርም በኩፋ አቆጣጠር 6236፣ በበስራ 6204፣ በኋለኛው የመዲና አቆጣጠር 6214 ነው። ይህ በቃሉ ላይ የመጣ ልዩነት ሳይሆን አንቀጽ የት ያበቃል በሚለው ላይ ብቻ ነው፤ ዑለማእ ራሱን የቻለ ዒልም አድርገው ጽፈውበታል። በተጨማሪም ከ19 ቁጥሮች አንዱ የ19 ብዜት ነው። 190 ነገሮችን የቆጠረ ሰው ያለ አንዳች ምስጢር አሥር ያህል ብዜቶች ቢያገኝ አይደንቅም፤ ያልገጠሙትን 180 ትቶ አሥሩን ብቻ ቢጽፍ ግን አንባቢው ይደነቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ቀጥሎ የመጣው ነው። በዚህ አስተሳሰብ አንቀጾቹና ቁጥር ያልተሰጣቸው 112 በስመላዎች ሲደመሩ የ19 ብዜት መሆን ነበረባቸው። 6236 እና 112 ሲደመሩ 6348 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 2 ይቀራል። ሒሳቡ አልገጠመም። ረሻድ ኸሊፋ ግን የሱረቱት ተውባን የመጨረሻ ሁለት አንቀጾች፣ 128ኛውንና 129ኛውን፣ ከቁርኣን አይደሉም ብሎ ጣላቸው። ያን ጊዜ ድምሩ 6346 ሆነ፤ ይህም 19 ጊዜ 334 ነው፤ አኃዞቹም ሲደመሩ 19 ይሰጣሉ። ቆይቶም መልእክተኛ ነኝ እስከማለት ደረሰ።

እዚህ ላይ ሁለቱን ሰዎች አስተያይተን እንመልከት። አል-በግዳዲ ዘንድ ሥርዓቱ ከቁጥሮቹ ጋር ሲጋጭ ሥርዓቱ ወደቀ። በኋለኛው ዘንድ ሥርዓቱ ከቁርኣን ጋር ሲጋጭ ከቁርኣን ሁለት አንቀጽ ተነሣ። ኡማው በቃል ይዞት፣ በሙስሓፍ ጽፎት፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ በተዋቱር ያስተላለፈው ቃል የአኃዝን ድምር ለመሙላት ተለወጠ። በኹጥባ ላይ እንደ ቀላል ማስደሰቻ የሚነገር የቁጥር ተአምር ፍጻሜው ወዴት ሊወስድ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልግም። ዛሬ ምእመኑን «ቁጥሩ ስለገጠመ እውነት ነው» ብለን ብናስለምደው፣ ነገ ቁጥር ሳይገጥም ሲቀር ምን ሊል ነው?

ለመምህራንና ለኢማሞች

ከዚህ ታሪክ በመነሣት የቁጥር ጥያቄ ለሚያመጣ ደረሳ ሦስት ጥያቄዎችን መልሰን እንድናቀርብለት እንመክራለን። አንደኛ፣ የተባለው ነገር በቁጥሩ ላይ የቆመ ነው ወይስ በጽሕፈቱ ላይ? በግዕዝ ወይም በአብጀድ ጽፎ መሞከር መልሱን ብዙ ጊዜ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ምን እንደሚቆጠርና እንዴት እንደሚቆጠር የተወሰነው ከመቆጠሩ በፊት ነው ወይስ ውጤቱ ከታየ በኋላ? የሣቢት ደንብ የሚወድቅበትን ቦታ ራሱ አስቀድሞ ይናገር ነበር። ሦስተኛ፣ ቆጠራው ሳይገጥም ሲቀር የሚታረመው ምንድን ነው? የሚታረመው የሰው ግምት ከሆነ ወደ ዕውቀት መንገድ ነው፤ ጥሬው ማስረጃ፣ ይልቁንም የአላህ ቃል ከሆነ ግን ጥፋት ነው።

ይህን ስናደርግ ደረሳው ቁጥርን እንዲጠላ አናድርግ። ፍላጎቱ መልካም ነው፤ አቅጣጫ ነው የሚያሻው። 6 እና 28ን ሰጥተን ሦስተኛውን ፍጹም ቁጥር ራሱ እንዲፈልግ፣ 220 እና 284ን በእጁ እንዲያረጋግጥ፣ ከፈራኢድ አንድ መስአላ እንዲያርም እናድርገው። ያን ጊዜ ማረጋገጫ ምን እንደሚመስል በገዛ እጁ ይቀምሳል፤ ማረጋገጫ የሚመስለውንም ነገር መለየት ይጀምራል። የቁርኣን ተአምርነት የኡሱል ሊቃውንት በሰፊው ያብራሩት ነው፤ የ19 ብዜት እስኪገኝለት ድረስ የጠበቀ ምስክርነት የለውም። ስለ ፍጹም ቁጥሮች የተነገረውን ውብ ስሕተት ያረሙት እጆች ዐቂዳንም ሲጽፉ የኖሩ እጆች ነበሩ፤ ሁለቱንም የመራቸው ያለ ማስረጃ አለመናገር ነው።

ወላሁ አዕለም።